የሬቤካ ኩባያ

«እትዬ አይናለም፣ ሰማሽ ወይ? ኩባያሽ ኮሌጅ ገባች አሉ!»

እንዲህ ያለችው ፈትሂያ ናት፣ የአጥር ማዶዋ ጎረቤት። ፈትሂያ ወሬ ይዛ ስትመጣ በበር አትገባም፤ በአጥሩ ቀዳዳ ጭንቅላቷን ታስቀድምና ገላዋ እንደ ምንም ብሎ ይከተላታል። ቀኑ ሐሙስ ነው። ፀሐዩ ያው የጋምቤላ ፀሐይ ነው፤ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ማንጎው ሥር ተዘርረዋል። አይናለም በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

«የምን ኩባያ?» አለች፣ ቀና ሳትል።

«ያቺ አረንጓዴዋ ነቻ! ሚስማር ላይ ያለችው። የሬቤካ።»

«እና ኮሌጅ ገብታ ምን ልትሆን? ዲግሪ ልትይዝ?»

አይናለም በራሷ ቀልድ ከት ብላ ሳቀች። እሷ የመሠረተ ትምህርቱን ደብተር ከመሃል ጥላ የወጣች ናት፤ በነገር ግን የሚቀድማት አልተወለደም። ሰው ሳይጨርስ እሷ ትመልሳለች።

ፈትሂያ ግን አልሳቀችም። ፈትሂያ ያልሳቀችበት ወሬ ደግሞ ደህና ወሬ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፈትሂያ ልጅ ረድዋን ባጃጅ ይነዳል። ከኮሌጁ በር ሁለት ሴት ተማሪዎች ጭኖ ወደ ገበያ ሲሄድ ልጆቹ ከኋላ ያወራሉ። ባጃጅ ነጂ ጆሮ ያለው የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። ረድዋን ደግሞ የእናቱ ልጅ ነው፤ ሞተሩ እንዳይጮህበት ቀስ ብሎ ነዳላቸው።

ልጆቹ የሚያወሩት የአይናለምን የልጅ ልጅ ነው፣ ኮከብን። ኮከብ ከተማ ቤት ተከራይታ ሶሻል ወርክ ትማራለች፤ የተቸገረ ሰው መርዳት ማለት ነው ትምህርቱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትየርኪዲ፣ የስደተኞቹ ካምፕ ድረስ፣ ለልምምድ ሊሄዱ ነው። እና መምህራቸው፣ ዱዎፕ የሚባለው፣ ክፍሉን በክብ አስቀምጦ እንዲህ አላቸው አሉ፦ «እዚያ ስትሄዱ የሰው ቤት ትገባላችሁ፣ የሰው ውሃ ትጠጣላችሁ፣ የሰው ለቅሶ ትሰማላችሁ። የሰው ቤት ከመግባታችሁ በፊት የራሳችሁን ቤት ግቡ። ሰውን ከሰው የሚለይ አንድ ዕቃ ፈልጉና ንገሩን። ያላገኘ ሰው አልፈለገም ማለት ነው።»

አንዱ ስለ ወንበር ተናገረ። አንዷ «እኛ ቤት የለም» ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ኮከብ ተነሣች።

«ምን አለች?» አለች አይናለም። በርበሬው እጇ ላይ ቀርቷል።

«‹አያቴ ቤት ለጥቁር ሰው ብቻ የምትወጣ ኩባያ አለች› አለች። ብላም አለቀሰች።»

አይናለም በርበሬውን ሰፌዱ ላይ ጣለችው።

«ይኼ ብቻ መቼ ሆነና» አለች ፈትሂያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ያም ሆኖ መንገድ ላይ ይሰማል። «ያቺ የሬቤካ የልጅ ልጅ፣ ኛሩዋይ፣ አብራት ትማር የለ? እሷም እጇን አወጣችና ‹እኔም በዚያች ኩባያ ጠጥቻለሁ› አለች። ‹ኮከብ ብርጭቆ ልታነሣልኝ ስትል አያቷ እጇን መታ ሲያደርጓት በመስኮት አይቻለሁ› አለች።»

አይናለም እጇን አየች። ያቺው ናት፣ መታ ያደረገችው እጅ። በርበሬው አቃጥሏታል፤ እንኳንም አቃጠላት።

ኛሩዋይ ሰማች ማለት ሬቤካ ትሰማለች ማለት ነው። ሬቤካ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አርባ ዓመት ቀርታ አታውቅም። ባሮ ሲሞላም፣ በዚያ በግርግሩ ጊዜ ሰው ከሰው ሲፈራራም፣ ባሏን ቀብራ በሳምንቷም፣ የደረቀ ዓሣዋን በሳፋ ተሸክማ ከች ነው። ዓሣውን ትሰጣለች፣ በቆሎና በርበሬ ትወስዳለች፣ ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣ የከተማውን ወሬ ታራግፋለች። አይናለም እህቷን ወሎ ጥላ መጥታ እዚህ አገር ያገኘቻት እህት ሬቤካ ናት። ይህን ሺህ ጊዜ ብላዋለች።

ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሬቤካ ብትቀርስ?

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነው። «ገመናዬን አደባባይ አወጣችው! በበቆሎ ያሳደግኳት!» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ምን አደረግኩ? በክብር እኮ ነው! ‹ያንቺ ናት፣ ሌላ ሰው አይነካብሽም› ብዬ ነው የሰጠኋት» አለች።

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች ፈትሂያ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ማንጎው መለሰችና፣ «ግን ለጥቁሩ ከታቢ ለማይክልም በሷው ሰጠሽው፤ ያን ጊዜ ሕፃናት ሊከትብ የመጣ ጊዜ» አለች።

ፈትሂያ ክፉ አይደለችም። ግን ያየችውን አትረሳም።

ፈትሂያ ስትሄድ አይናለም ሚስማሩ ፊት ቆመች። በረንዳው ላይ፣ ከበሩ በስተቀኝ። ኩባያዋ አረንጓዴ የብረት ናት፤ ጠርዟ ተላጦ ጥቁር ሆኗል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መንግሥት ከወሎ ጭኖ አምጥቶ እዚህ ጫካ ሲያራግፋቸው ለየቤቱ ያደላት ናት። ያን ጊዜ አይናለም የልጅ እናት ነበረች፤ ልጁ የኮከብ አባት ነው። መጥተው ወር ሳይሞላቸው ልጁን ወባ ጣለው። ዓይኑ ተገለበጠ። ባሏ ጫካ መንጥር ተብሎ ሄዷል። መንገዱን አታውቅ፣ ቋንቋውን አታውቅ፣ ወንዙ ዳር ቁጭ ብላ ስታለቅስ አንዲት ረጅም ልጅ እግር ሴት መጣች። ምንም አልተባባሉም፤ ምን ብለው ይባባላሉ? ልጁን ከእቅፏ ወሰደችው፣ ታንኳ ላይ ወጣች፣ በእጇ «ነይ» አለቻት። ቀዘፈች። እስከ ክሊኒኩ ድረስ ቀዘፈች። ሬቤካ ማለት ያቺ ናት።

ልጁ ዳነ። ሬቤካ በሳምንቱ ዓሣ ይዛ ልትጠይቅ መጣች። አይናለም ውሃ ቀዳችላት፣ በዚያች አረንጓዴ ኩባያ። ስትሄድ የአይናለም አማት ኩባያዋን በሁለት ጣት አንሥተው፣ በአመድ አሽተው፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር መትተው ሰቀሏት። «ከእንግዲህ ይቺ የሷ ናት፤ ከኛ ዕቃ እንዳትቀላቅያት» አሉ። የልጅ ልጃቸውን ከሞት አውጥታ ያመጣችውን ሴት!

በቀጣዩ ቅዳሜ ሬቤካ ኩባያዋን በጣቷ ጠቁማ «ምንድነው?» በሚል ዓይን አየቻት። አይናለም ፊቷ ጋለ። ምላሷ ግን መቼ ይተኛል? ደረቷን መታ መታ አደረገች፣ ወደ ሬቤካ ጠቆመች፣ ኩባያዋን ሳመቻት። ያንቺ ናት፣ ክብርሽ ናት፣ ማለቷ ነው። ሬቤካ ፈገግ አለች። አይናለም ያቺን ፈገግታ «አመነችኝ» ብላ ይዛት አርባ ዓመት ኖረች።

አማትየዋ ሞቱ። ባሏም ተከተላቸው። የሣር ቤቱ ፈርሶ ቆርቆሮ ሲሠራ ሚስማሩ አብሮ ወደቀ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አዲሱ ግድግዳ ላይ መዶሻ ይዛ ሚስማሩን የመታችው ማን ናት? አማቷ ከተቀበሩ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ማንም አላዘዛትም። ራሷ ናት። ቦታውንም መርጣ፣ እጅ እንዲደርስ አድርጋ ነው የመታችው።

የሃይማኖት ነገር ነው እንዳትል ደግሞ የፈትሂያ ነገር አለ። ፈትሂያ እስላም ናት፣ አይናለም ክርስቲያን። ሥጋ አይበላሉም፤ ብርጭቆ ግን ለይተው አያውቁም። የቀለም ነገር ነው እንዳትል ራሷ አይናለም ከጠይምም አለፍ ያለች ናት፤ መስታወት ፊት ቆማ «እኛ ቀዮቹ» ስትል አፏን አያደናቅፋትም እንጂ። በሽታም እንዳትል፣ ያን ሁሉ ዓመት እሷ ስትታመም ሲያስታምማት የኖረው ከሬቤካ ሌላ የማን እጅ ነበር?

አጠገቧ ማንም አለመኖሩን አይታ ኩባያዋን አወረደች። ከእንስራው ውሃ ቀዳች። «ምን አለ እንግዲህ፣ ኩባያ ኩባያ ነው» አለችና ወደ አፏ አስጠጋቻት።

እጇ ቆመ።

የረግረግ ውሃ በነጠላ አጥልላ የጠጣች ሴት ናት። ከበሬ ጋር ከአንድ ጉድጓድ የጠጣች ሴት ናት። ኩባያዋ ታጥባለች፤ ራሷ ናት ያጠበቻት። ግን ከንፈሯ አልከፈት አለ። አርባ ዓመት ያስተማረችው ከንፈር በአንድ ቀን አልታዘዛት አለ። ዓይኗን ጨፍና፣ መድኃኒት እንደሚጠጣ ልጅ፣ አንዴ ተጎነጨች። ወዲያው ሳታስበው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሁለቴ ጠረገች።

ነጠላዋን አየችው። እንዲያ ያለ እፍረት ከዚያ በፊት አታውቅም። ሰው ያየው እፍረት ይሻላል፤ ቢያንስ «እኔ አይደለሁም» ብሎ መካድ ይቻላል። ይኼኛው ግን ራሷ ምስክር፣ ራሷ ከሳሽ፣ ራሷ ተከሳሽ የሆነችበት ነው።

ታዲያ ምን ብታደርግ ደግ ነው? አይናለም ናትና፣ መቆፈሪያ ይዛ ማንጎው ሥር ወጣች። ጉድጓድ ጫር ጫር አድርጋ፣ ኩባያዋን ከተተቻት፣ አፈር መለሰችባት። ቀና ስትል የፈትሂያ ጭንቅላት አጥሩ ቀዳዳ ውስጥ አለ።

«ምን እየቀበርሽ ነው?»

«ጫጩት ሞታብኝ።»

«ጫጩቷ እጀታ አላት?»

ተያዩ። ፈትሂያ ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገችና፣ «እትዬ፣ የኔንስ የት ልቅበረው?» አለች ቀስ ብላ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው ነው፤ ዓርብ እስኪመሽ ድረስ በዚያ የሰፈራ መንደር ስንት ቤት ስንት ኩባያ እንደጠፋ የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው። አንዱ ቤት የፕላስቲክ ጆግ፣ አንዱ ቤት ጣሳ። የፈትሂያ ባል አሊ እንኳ፣ ያ ምራቁን የዋጠ ሰው፣ በጃንጥላ ውስጥ የሆነ ነገር ሸጉጦ ወደ በቆሎው ማሳ ሲገባ ታይቷል። ማን አየው? ሚስቱ ናታ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ኮከብ ደወለች።

«እማምዬ፣ ነገ እመጣለሁ። ኛሩዋይና መምህራችንም አብረውኝ ይመጣሉ። እማማ ሬቤካም።»

«አራት ሆናችሁ? ልትገንዙኝ ነው?»

«ልናወራ ነው፣ እማምዬ።»

«ስታወሪ ከርመሽ የለ! ምነው ያያትሽን ገመና ለአገር ባትዘሪው? ደግሞ ትምህርት ተብሎ!»

ኮከብ ግን፣ «ያንቺን እኮ አልተናገርኩም። የኔን ነው። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ስታጥቢያት፣ ስትሰቅያት አይቼ ዝም ያልኩትን። እኔም አንድ ቀን ገበያ ስትሄጂ ‹ያቺን አውርደሽ ስጫቸው› ብለሽኝ ለሰው ሰጥቻለሁ» አለች።

«መምህሩ ተቆጣሽ?» አለች አይናለም። ድምፅዋ ወርዷል።

«አልተቆጣም። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ኛሩዋይ ጭራሽ ከቦታዋ ተነሥታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ እማምዬ። ማታም አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ እራት አቀረበችልኝ።»

አይናለም ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«እማማ ሬቤካ ምን አሉ?» አለች በመጨረሻ። ሬቤካን በስሟ ብቻ ስትጠራ የኖረች ሴት፣ ያን ቀን «እማማ» ብላ አንቱ አለቻት።

«ምንም አላሉም። ‹ቅዳሜ እሄዳለሁ› አሉ፣ በቃ።»

ቅዳሜ ጠዋት አይናለም ቤቱን ጠረገች፣ በረንዳውን ውሃ ረጨች። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ስድስቱን ባለ ወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች አወጣች። እነዚያ ብርጭቆዎች በዓመት አንዴ ቢወጡ ነው። መጨረሻ የወጡት የዛሬ ሁለት ዓመት ነበር፣ ታናሽ እህቷ ፍሬሰንበት ከወሎ ልትጠይቃት የመጣች ጊዜ። ስንት ዘመን ተለያይተው! ፍሬሰንበት ሁለት ወር ተቀምጣ ነው የሄደችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ከሬቤካ ጋር ጎን ለጎን ማንጎው ሥር ተቀምጠው ወሬ ሲጠርቁ ይውሉ ነበር። አይናለም ብርጭቆዎቹን አጥባ፣ በነጭ ጨርቅ አድርቃ፣ ትሪ ላይ ደረደረቻቸው።

ሚስማሩን ረሳችው። ባዶውን ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ባጃጁ ሲቆም መንደሩ ሥራ በዛበት። ፈትሂያ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጣች፤ ወንፊቱ ከተዋሰችው ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አሊ መጥረቢያ ሊጠይቅ መጣ፤ መጥረቢያ ትከሻው ላይ አለ። ከወዲያ ማዶም ሁለት ሦስት ሰው «እንደምን አደራችሁ» እያለ ገብቶ የቆመበት ቀረ።

መጀመሪያ የወረደችው ኮከብ ናት። ዓይኗ ቀጥታ ሚስማሩ ላይ ሄደ፤ ከዚያ አያቷ ላይ። ቀጥላ ኛሩዋይ ወረደች፤ አይናለምን ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት፣ እንደ ወትሮዋ። መምህር ዱዎፕ ቀጭን ሰው ነው፣ ዝምተኛ፤ ጨበጣትና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሬቤካ። ሳፋዋን በራሷ፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ዓሣውን ከቦታው አስቀመጠች። ከቦታዋ ተቀመጠች። ላቧን ጠረገች።

«ውሃ» አለች።

ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምትለው። የሬቤካ አማርኛ አጭር ነው፤ የሚባክን የለውም።

አይናለም ትሪውን ይዛ ብቅ አለች። ባለ ወርቅ ጠርዙ ብርጭቆ ፀሐይ ሲያገኘው አብረቀረቀ። ሬቤካ ብርጭቆውን አየች፣ ሚስማሩን አየች።

«ኩባያዬ የታለ?»

«ጦጣ ወሰደችብኝ!» አለች አይናለም። ራሷም አላወቀችም፤ ምላሷ ቀድሟት ወጣ። «ያቺ ውርጋጥ ጦጣ! ትላንትና ማንጎ ልትሰርቅ ገብታ…»

«ጦጣ» አለች ሬቤካ።

«ጦጣ ናት፣ እኔም አይቻለሁ!» አለች ፈትሂያ። ማን ጠየቃት?

ኮከብ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች።

ታዲያ «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይባል የለ? አዲስ የተገለበጠ አፈር ያየች ዶሮ አርፋ አትቀመጥም። እዚያው ማንጎው ሥር፣ ሬቤካ ከተቀመጠችበት ሁለት እርምጃ ላይ፣ የፈትሂያ ቀይ ዶሮ ስትጭር ቆይታለች። ኪርር የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ጥፍር ከብረት ጋር። ሁሉም ዞረ። አረንጓዴዋ እጀታ ከአፈር ወጥታ ቁጭ ብላለች።

ሬቤካ ተነሣች። ጎንበስ ብላ ኩባያዋን ሳበች፣ አፈሩን አራገፈች፣ በቀሚሷ ጠረገች። ይዛት መጥታ ተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«ጦጣው ቀብሮታል» አለች።

ማንም አልሳቀም።

አይናለም ትሪውን መሬት አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። መምህሩን አየችው፤ የተማረ ሰው ነው፣ አንድ ነገር ብሎ ያወጣኛል ብላ። ዱዎፕ፣ «እናቴ፣ እኔ ላስተምር አልመጣሁም። ለመስማት ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም።

«አማቴ ናቸው…» ብላ ጀመረች አይናለም።

«እማምዬ» አለች ኮከብ፣ ቀስ ብላ።

ተወችው። የሞተ ሰው ላይ ሊለጠፍ የነበረው ተመልሶ አፏ ውስጥ ገባ።

«አማቴ ሰቀሏት። እኔ አላወረድኳትም» አለች። «ሚስማሩንም ደግሜ የመታሁት እኔ ነኝ። ‹ክብርሽ ናት› ያልኩሽም ውሸቴን ነው። ለከታቢውም በሷ ሰጥቻለሁ፣ ለዚህች ልጅም…» ኛሩዋይን ማየት አልቻለችም፤ እግሯን አየች። «ሐሙስ ዕለት እኔ ልጠጣባት ብዬ… አፌን ጠረግኩ። አፌን ጠረግኩ፣ ሬቤካዬ።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያው ነጠላ ነው፤ ትዝ ሲላት ደግሞ አወረደችው።

ኛሩዋይ ከተቀመጠችበት ተንቀሳቀሰች፤ ልትመጣ ነው፣ ልታባብላት። ሬቤካ በዓይኗ መለሰቻት። ኛሩዋይ ተቀመጠች።

ዝምታው ለመንደሩ ሰው አልተመቸውም። እንዲህ ያለ ዝምታ ውስጥ ሰው የራሱን ሆድ ይሰማል፤ የነዚያ ሰዎች ሆድ ደግሞ ኩባያ ኩባያ ይላል። ስለዚህ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመረ።

«ወላሂ በንቀት አይደለም፣ እማማ ሬቤካ» አለች ፈትሂያ። «ልማድ ነው። ሰው ሲያደርግ ስላየን ነው።»

«ያን ጊዜ በሽታው መቼ የዋዛ ነበር!» አለ አሊ፣ መጥረቢያውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረ። «ለጥንቃቄ ነው። ለናንተም ነው።»

«እትዬ አይናለም እኮ ደግ ሰው ናት፤ ከእጇ ያልበላ የለም» አለ ሌላው።

«ደሞ ኩባያ ምን አላት! ዋናው ፍቅር ነው።»

«እንዴታ! አብረን የኖርን ሕዝብ!»

አይናለም ይህን ሁሉ ስትሰማ ትንሽ ነፍስ ዘራች። ሰው በምክንያት ሲደግፍህ ቀና ማለት ያምርሃል፤ ያ ነው የሰው ልጅ ክፋቱ። እጇን ዘረጋች፣ የሬቤካን ጉልበት ያዘች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ፦

«ሬቤካዬ፣ ሙች ስልሽ፣ ልቤን ታውቂዋለሽ። ኩባያዋን ተያት። እኔ አንቺን የማይሽ እንደ እህቴ ነው። ከእናቴ ልጅ ከፍሬሰንበት ለይቼ አላውቅም!»

«እውነቷን ነው!» አለች ፈትሂያ። «እንደ እህቷ ናቸው!»

«እንደ እህት ናቸው!» አሉ ከኋላም።

ሬቤካ የአይናለምን እጅ ከጉልበቷ አላነሣችም። አረንጓዴዋን ኩባያ ከጭኗ አንሥታ ትሪው ላይ፣ ከስድስቱ ባለ ወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎች መሃል አቆመቻት። አርባ ዓመት ፈገግ ስትል የኖረችው ሴት ፈገግ አላለችም። አይናለምን አየች፣ ፈትሂያን አየች፣ አሊን ከነመጥረቢያው አየች፣ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ አንድ በአንድ አየች።

«አይናለም» አለች። «ፍሬሰንበት ከወሎ መጣች። ሁለት ወር እዚህ፣ እኔ አጠገብ ተቀመጠች። እህትሽ በየትኛው ጠጣች?»

ማንጎው ሥር ቀይዋ ዶሮ መጫሯን ቀጠለች።